ሳይታይ የተፈረመ

ሽልማቱ የተሰማው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። የቢሮው ኃላፊ ቴዎ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ ከክፍሉ ወጣ፤ መሀል ቢሮው ላይ ቆመና፣ "አገኘን፤ ሁለቱንም" አለ። ሰባቱ የደንገል አርክቴክቶች ሠራተኞች ከየወንበራቸው ተነሥተው ተቃቀፉ። ከሥር በባሕር ዳሩ የፋሲሎ መንገድ የሚያልፉት ባጃጆች ግን የሕንፃ ሽልማት ግድ ስለማይሰጣቸው ጡሩምባቸውን ቀጠሉ።

ሊድያ አስናቀ አብራ ተነሣች፤ አብራ ተቃቀፈች። "እንኳን ደስ አለሽ" ላላት ሁሉ "እንኳን አብሮ ደስ አለን" አለች። ከዚያ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀመጠችና፣ ይህንን ወሬ ከሰው ሁሉ አስቀድማ ልትነግረው የፈለገችው ማን እንደሆነ ስታስበው ተናደደች። የገድሉን ቁጥር ከስልኳ ካጠፋችው ዓመት ከሦስት ወር ሆኖታል። ከጭንቅላቷ ግን አልጠፋላትም። ዐሥሩም አኃዝ በሰልፍ ቆመው ይጠብቋታል።

ሽልማቱ በምሥራቅ አፍሪካ ላሉ የሕንፃ ንድፍ ድርጅቶች የሚሰጥ ነው። ደንገል በሁለት ዘርፍ አሸነፈ፤ በዘመናዊ መኖሪያ ቤት ሽምብጥ በሐይቁ ዳር በተሠሩት አራት ቤቶች፣ በትርዒት ቦታ ደግሞ ከዚያው ትንሽ ራቅ ብሎ ባለው የትርዒት አዳራሽ። ቤቶቹን የነደፈው ቴዎ ነው። አዳራሹን የነደፈችው ሊድያ ናት።

ኑሰይባ የዳኞቹን ጽሑፍ ከኮምፒውተሩ ላይ ጮክ ብላ አነበበች። ኑሰይባ የድርጅቱ መሐንዲስ ናት፤ የወረታ ነጋዴ ልጅ፣ ሊድያ በቢሮው ውስጥ ያላት ብቸኛ ጓደኛ።

"'የምዕራቡ ግድግዳ ጣውላዎች ያልተስተካከለ ክፍተት' ይላል፣ 'ከመድረክ በሹክሹክታ የተነገረን ቃል ሳይሰብር የመጨረሻው ወንበር ድረስ ያደርሰዋል። በዚህ ዘርፍ ካየናቸው ሥራዎች ሁሉ የበለጠው ይህ ነው።' ሊዱ፣ ሰሚልኝ፤ ያልተስተካከለ ብለው ነው ያመሰገኑሽ። እናቴ ስፌቴን ያልተስተካከለ ስትለኝ ስድብ ነበር።"

ሁሉም ሳቁ። ሊድያ አልሳቀችም።

"እኔ እኩል አድርጌ ነው የነደፍኩት" አለች። "ዐሥራ ሁለት ሳንቲሜትር። ከዳር እስከ ዳር።"

"እንግዲህ ሲሠራ ተለውጧል" አለ ቴዎ፣ አሁንም ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ። "ለሽልማቱ መጽሐፍ የሚሆን አዝ ቢልቱን እስከ ዓርብ ላኩ ብለዋል። መዝገብ ቤት አለ አይደል? አውጪው።"

አዝ ቢልት የሚባለው ሕንፃው ካለቀ በኋላ የሚቀር ንድፍ ነው። አርክቴክቱ ያሰበውን አይደለም የሚያሳየው፤ በእውነት የተሠራውን ነው። ፎርማኑ የታተመውን ሉህ ይወስድና የተለወጠውን ሁሉ በቀይ እርሳስ ያርምበታል። አርክቴክቱ ደግሞ አይቶ፣ "ታይቷል" የሚለውን ማኅተም መትቶ ይፈርማል። ሉሁ ለፎርማኑ ይመለስና እሱም መረከቡን ፈርሞ፣ በመጨረሻ ወደ ቢሮው መዝገብ ቤት ይገባል። ከዚያ ወዲያ ማንም አያየውም። ሊድያ እንዲህ ያለ ነገር ስትፈርም ሁልጊዜ ትቸኩላለች። አዳራሹ አልቋል፤ ያለቀ ነገር ምን ይታያል?

የገድሉ አዘዘን ቀይ እርሳስ እንደገና ማየት ነበር ያልፈለገችው። እሱ ነበር የአዳራሹ የእንጨት ሥራ ፎርማን።

*

መዝገብ ቤቱ ከደረጃው ሥር ያለች መስኮት የሌላት ክፍል ናት። ሊድያ መደርደሪያው ሥር ቁጭ ብላ ጥቅልሎቹን እያነሣች ሳለ ያ ግድግዳ ከነጠረኑ መጣባት።

ገድሉ የመራዊ ሰው ነው፤ የአናጺ ልጅ። እንጨት ሲመርጥ በጣቱ አንጓ ያንኳኳና ጆሮውን ያስጠጋል። አንድ ቀን ከሠራተኞቹ መሀል ወጥቶ፣ "ኢንጂነር፣ ይኼ ግድግዳ እኩል ከሆነ ድምፁን እንደ ኳስ አንጥሮ ነው የሚመልሰው" አላት። ሳይት ላይ አርክቴክትም መሐንዲስም ኢንጂነር ነው የሚባለው።

"አሳምነኝ" አለችው።

የመጨረሻው ረድፍ ላይ አቆማትና መድረኩ ላይ ወጥቶ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። የተምታታ ድምፅ እንጂ ቃል አልሰማችም። ሳምንት ሙሉ የጣውላዎቹን ክፍተት ሲያጠብና ሲያሰፋ ከረመ፤ አንዱን በዘጠኝ፣ አንዱን በዐሥራ አራት፣ በጆሮው እየለካ። ከዚያ እንደገና አቆማት። እንደገና መድረኩ ላይ ወጣ። በመሀላቸው ስድስት መቶ ወንበር የሚተከልበት ባዶ ቦታ ነበር።

"ሊድያ" አለ፤ ኢንጂነር ሳይል፣ በሹክሹክታ። ጆሮዋ ሥር እንደተባለ ሆኖ ደረሳት።

የእሷን ፊት ከዚያ ርቀት ሊያየው አይችልም ነበር፤ እሷ ግን እንዳየው እርግጠኛ ነበረች። በመጨረሻ፣ "በቃል የተባለ ነገር ሳይት ላይ አይቆጠርም። ለውጡን ጽፈህ አምጣ" አለችው። እሱም፣ "እጽፋለሁ" አለ፣ እየሳቀ።

ሰባት ወር አብረው ከረሙ። ከሥራ በኋላ በሐይቁ ዳር ይሄዳሉ፤ እሱ ዝም ይላል፣ እሷ ለሁለት ታወራለች። ከዚያ በጥቅምት መጀመሪያ እሑድ ቤቷ ወሰደችው።

አባቷ አቶ አስናቀ ከናዝሬት መጥተው ሃያ ስምንት ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የኤሌክትሪክ ክፍል የሠሩ፣ ሦስት ልጅ ያስመረቁ ሰው ናቸው። የሦስቱም የምረቃ ፎቶ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ገድሉ ከፎቶዎቹ ሥር ተቀመጠ።

"አንተስ ልጄ፣ በምን ተመረቅህ?" አሉት፤ በክፋት አይደለም፣ ለሁሉም እንግዳ የሚጠይቁት ጥያቄ ነው።

ገድሉ መልስ አልሰጠም። ዝምታው ሲረዝም እናቷ ወይዘሮ ፅጌ ማርያም ጣልቃ ገቡ። "ብላ እንጂ፣ ምንም አልበላህ" እያሉ ሳህኑን ሞሉለት፤ ገና አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጎርስ እንደገና ሞሉለት። እስከ መጨረሻው ድረስ እንዲህ ባለ ጨዋነት አስተናገዱት። ሲወጣም እስከ በር ሸኙት። ሊድያ እናቷ ለወዳጅ ሰው እንደዚያ እንደማይጨነቁ ታውቃለች።

መንገድ ላይ መታገሥ አልቻለችም። "ትፈልገኛለህ ወይስ አትፈልገኝም?"

"ሊድያ፣ እንዲህ በመንገድ..."

"እሺ ጻፈው። በቃል የምትለውን አልፈልግም። ጽፈህ ስጠኝ።"

"እጽፋለሁ" አለ። በዚህኛው ጊዜ አልሳቀም።

አንድ ሳምንት ጠበቀች። ደብዳቤ አልመጣም፤ የመጣው የእንጨት ሥራው አዝ ቢልት ብቻ ነበር፣ በላስቲክ የታሰረ የሠላሳ አራት ሉህ ጥቅልል። የዚያን ቀን የሽምብጥ ቤቶች ባለቤት ስብሰባ ላይ ተጠርታ ነበር። ላስቲኩን እንኳ አልፈታችም፤ የየሉሁን ጥግ በአውራ ጣቷ እየገለጠች ማኅተሙን መታች፣ ፈረመች፣ መለሰች። በሳምንቱ ገድሉ ሥራውን ጨርሶ ከባሕር ዳር እንደሄደ ሰማች። አልደወለችም። እኔ ጠይቄያለሁ፣ ተራው የሱ ነው አለች። እሱም አልደወለም። ከዚያ ቁጥሩን አጠፋችው።

አሁን ያንን ጥቅልል ከመደርደሪያው አወረደች። ላስቲኩ ደርቆ ኖሮ ስትነካው ተበጠሰ። የምዕራቡ ግድግዳ ሃያ ሦስተኛው ሉህ ላይ ነው። መሬት ላይ ዘርግታ አራቱንም ጥግ በመዝገብ ተጫነችው።

ቀይ ቁጥሮቹ በየጣውላው መሀል በሥርዓት ተደርድረዋል፤ ዘጠኝ፣ ዐሥራ አራት፣ ዐሥራ አንድ፣ ዘጠኝ ተኩል። ከቁጥሮቹ በስተቀኝ ባዶ በነበረው ሰፊ ጠርዝ ላይ፣ በዚያው ቀይ እርሳስ፣ ጽሕፈት ነበር።

"ሊድያ፣

በቃል የተባለ አይቆጠርም ስላልሽ ጻፍሁት። ሌላ ወረቀት ላይ ብጽፈው ደብዳቤ ይሆንብኛል፤ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። ይኼ ሉህ የሁለታችን ሥራ ነው፤ ከሁለታችን በቀር የሚያየውም የለም። እዚህ ላይ አላፍርም።

ጋሼ አስናቀ በምን ተመረቅህ ሲሉኝ ዝም ያልሁት በሙያዬ አፍሬ አይደለም። ያንቺን ፊት እያየሁ ነበር። አንቺ አፍረሽ እንደሆነ ለማወቅ ነበር። አልለይልህ አለኝ።

እፈልግሻለሁ። በጭቃ ጫማሽ መጥተሽ ደረጃውን አፍርሱት ብለሽ ሁላችንንም ከተቆጣሽን ቀን ጀምሮ እፈልግሻለሁ። ቤተሰቦችሽ እስኪለምዱኝ እጠብቃለሁ። እንጨት እስኪደርቅ መጠበቅ የለመድሁ ሰው ነኝ።

እሺ ካልሽ ከሥሩ አንድ ቃል ጻፊ። እምቢ ካልሽ ምንም አትጻፊ፤ እንደ ሁልጊዜው ፈርመሽ መልሽው። ይገባኛል። ዳግመኛ አላስቸግርሽም።"

ከሥሩ፣ በሉሁ ጥግ፣ ሰማያዊ ማኅተም ነበር። ታይቷል። በማኅተሙ ላይ የራሷ ፊርማ፣ የቸኮለ ሰው ፊርማ፣ ጭራው ከሉሁ ሊወጣ የደረሰ። ከፊርማዋም ሥር በትንሹ፣ በቀጥታ መስመር፣ "ተረክቤያለሁ። ገድሉ አዘዘ። ጥቅምት 14" ይላል።

ሊድያ አላለቀሰችም። ለቅሶ ቢመጣ ይሻላት ነበር። የመጣው ግን ፎርማኑ የሳይት ጎጆ ውስጥ ጥቅልሉን ሲፈታ፣ ሃያ ሦስተኛው ሉህ ላይ ሲደርስ፣ ባዶ ቦታ ላይ አንድ ቃል ሲፈልግ፣ ከዚያም እርሳሱን አንሥቶ መረከቡን ሲፈርም የነበረው ፊት ነው። ከላይ በደረጃው ሰዎች እየሳቁ ይወርዳሉ። ቴዎ ሁሉንም ምሳ ሊጋብዝ ነው። ስሟን ሲጠሩ ሰማች። ከሉሁ ላይ ቀና አላለችም።

*

"የአናጺ ስም ሽልማት መጽሐፍ ላይ ገብቶ ያውቃል?" አለ ቴዎ በማግስቱ።

"አሁን ይገባል።"

"ሊዱ፣ ንድፉ ያንቺ ነው።"

"የኔ ንድፍ ዐሥራ ሁለት ሳንቲሜትር ነበር። ዳኞቹ ያመሰገኑት ግድግዳ የሱ ነው።"

"እሺ፣ እስከ ዓርብ አስቢበት።"

"አላስብበትም። ስሙን ልኬያለሁ።"

ቴዎ አያት። ሊቆጣ አስቦ ፊቷን ሲያይ ተወው። "እሑድ ግን እንዳትቀሪ" አለ ብቻ። "ሽልማቱን አምጥተው አዳራሹ ውስጥ ነው የሚሰጡት። ዐሥር ሰዓት። የምትናገሪው አንቺ ነሽ።"

ገድሉ የት እንዳለ ኑሰይባን መጠየቅ ነበረባት። ጠየቀቻት፤ ሌላ ቦታ እያየች።

"ወንዛዬ ነው ያለው" አለች ኑሰይባ ወዲያው። "ፍል ውኃው ጋ የልብስ መቀየሪያ ክፍሎች እየሠራ። እንጨቱን የሚወስደው ወረታ ካለው አጎቴ ከአብዱልበሲጥ ነው።"

"ዓመት ሙሉ ታውቂ ነበር?"

"አንቺ አይደለሽ እንዴ ስሙን አታንሺብኝ ያልሽኝ? ያልተነሣ ስም ይዤ ከረምኩ፤ ከብዶኛል፣ ውሰጂልኝ።" ከዚያ ጨዋታውን ትታ እጇን ያዘቻት። "ምን ብለሽ ነው የምትሄጂው?"

"አላየሁትም እለዋለሁ።"

"ያ ይበቃል?"

ሊድያ ይበቃል ብላ አስባ ነበር። ስሕተት ነው፤ ስሕተት ደግሞ ይታረማል፤ ሙያዋ ያስተማራት ይህንን ነው። ቅዳሜ ማታ እራት ላይ ገድሉ የጻፈውን ለአባቷም ነገረቻቸው። አቶ አስናቀ እስከ መጨረሻው አዳመጡና፣ "እኔ እኮ አልሰደብኩትም" አሉ።

"አልሰደብከውም፣ አባዬ።"

"ሰው ሲመጣ የምጠይቀው ነገር ነው።"

"አውቃለሁ።"

እጃቸውን ታጠቡ። እስኪደርቅ ድረስ ረጅም ጊዜ በፎጣው ጠረጉት። ሊድያም ያንን ቤት፣ ያንን የፎቶ ግድግዳ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ እንግዳ ሆና አየችው።

*

እሑድ በጠዋት ከባሕር ዳር በሚኒባስ ወጣች፤ ከዋናው መንገድ ወርዳ ቀሪውን በባጃጅ ሄደች። ሰዓቷን ቆጥራለች። ወንዛዬ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ትደርሳለች፤ ሰባት ሰዓት ላይ የሚነሣውን መኪና ትይዛለች፤ ዐሥር ሰዓት ሳይሞላ አዳራሹ ውስጥ ትሆናለች። ከተቻለም ብቻዋን አይደለም።

ፍል ውኃው ጋ ወገባቸውን፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰዎች ጋቢ ለብሰው ተራ ይጠብቃሉ። ከውኃው በላይ ባለው ዳገት ላይ አዲስ የእንጨት ክፍሎች ቆመዋል፤ ግማሹ ጣራ የለውም። ገድሉ ጣራው ላይ ነበር። ሚስማር በከንፈሩ ይዟል። አያት። ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ከአፉ አወጣ፣ ኪሱ ውስጥ ከተተ፣ መሰላሉን ወረደ። ከስቷል። ዓይኑ ግን ያው ነው፤ ነገርን ሳይቸኩል የሚያይ ዓይን።

"ደህና መጡ፣ ኢንጂነር።"

"እንደሱ አትበለኝ።"

"ታዲያ ምን ልበል? የምለውን ብዬ ፈርመሽበታል።"

"አላየሁትም ነበር፣ ገድሉ።" በመንገድ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋና ይህ ብቻ ቀረላት። "ማክሰኞ ነው ያየሁት። ያኔ ጥቅልሉን አልፈታሁትም። ጥጉን እየገለጥኩ ነው የፈረምኩት። ሠላሳ አራቱንም።"

የምታውቀው ፊት እስኪመለስ ጠበቀች። አልተመለሰም።

"ሳትፈቺው" አለ።

"ሳልፈታው።"

"ማኅተሙ እኮ ታይቷል ነው የሚለው።"

"አውቃለሁ።"

መሬት ላይ ከወደቀው ጣውላ ላይ ተቀመጠ። መዶሻውን በሁለት ጉልበቱ መሀል አንጠለጠለ። ከሥራቸው አንድ ሽማግሌ ውኃው አቃጥሏቸው ሲያጉረመርሙ፣ ሌላው ሲስቅባቸው ይሰማል።

"ዓመቱን የገፋሁት አይታ እምቢ አለች ብዬ ነው" አለ በመጨረሻ። "እሱን ለመድሁት። አይታ እምቢ ያለች ሰው፣ ቢያንስ አይታኛለች። አሁን መጥተሽ አላየሁትም ትይኛለሽ። የትኛው ነው የሚሻለኝ?"

"ባየው እሺ ነበር የምልህ።"

"አምንሻለሁ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።" ቀና ብሎ አያት። "ያንን ጥቅልል የላከልሽ ቴዎ ቢሆን፣ ወይ ያ ክራቫት የሚያስረው የኮንትራክተሩ መሐንዲስ ቢሆን፣ ትፈችው ነበር?"

አንድ ቀላል ውሸት ነበረ። አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ቸኩዬ ነበር፣ የማንም ቢሆን አልፈታውም ማለት ትችል ነበር፤ እሱም አይከራከራትም። ፊቱን አየች። አልለይልህ አለኝ ብሎ የጻፈውን አስታወሰች፤ ያን እሑድ፣ ከፎቶዎቹ ሥር፣ እናቷ ሳህኑን ሲሞሉ፣ እሷ ዓይኗን ወደ ሳህኗ ሰብራ እንደነበር አስታወሰች።

"አዎ" አለች። "እፈታው ነበር።"

ነፋሱ የመላጊያ ብናኝ አነሣና አስቀመጠ።

"አናጺ ነው የላከው፤ ያው ቁጥር ነው የሚሆነው ብዬ ነው ያልፈታሁት። አባቴ በቃል ጠየቀህ፣ እኔ በፊርማ። ከነሱ የተሻልኩ መስሎኝ ነበር። ስምህን ሽልማቱ ላይ አስገብቻለሁ፤ ግን ለዚያ አልመጣሁም፤ በሱ ልክስህም አይደለም። የመጣሁት ስለምወድህ ነው። ያኔም ስለምወድህ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው፤ እንዴት አብረው እንደኖሩ አላውቅም።"

ገድሉ መዶሻውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ።

"ይኼን መስማት ከባድ ነው" አለ።

"አውቃለሁ። መልስህን ንገረኝ።"

"አሁን?"

"አሁን። ሰባት ሰዓት ላይ መኪና አለ። ዐሥር ሰዓት ላይ አዳራሹ ውስጥ..." ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እሷም ሰማችው።

እሱ አልተቆጣም። ፈገግ ሊል ምንም አልቀረውም፤ ይህም ከቁጣ የከፋ ነበር።

"አየሽ" አለ በዝግታ። "አሁንም በሰዓት መሀል ነው የመጣሽብኝ።" ተነሣ፤ ሱሪውን አራገፈ። "እኔ ዓመት ከሦስት ወር በአንድ ደቂቃ ማጠፍ አልችልም፣ ሊድያ። ማሰብ አለብኝ። እያሰብሁ ደግሞ እጄ ባዶ መሆን የለበትም። መሄድ ካለብሽ ሂጂ። ክብርሽ ነው፤ አልቀየምሽም።"

ወደ መሰላሉ ሄደ። ዞር ብሎ አላያትም።

ሊድያ ዳገቱን ወርዳ ከውኃው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የመዶሻው ድምፅ ከላይ ጀመረ። ስልኳ ጮኸ።

"የት ደረስሽ?" አለ ቴዎ። "እንግዶቹ ሆቴል ገብተዋል። ንግግርሽን አሳጥሪው፣ አምስት ደቂቃ ብቻ..."

"ኑሰይባ ትቀበለው።"

"ምን?"

"ሽልማቱን ኑሰይባ ትቀበለው። የምትናገረውን ታውቃለች። ይቅርታ ቴዎ።"

"ሊዱ፣ የስድስት ዓመት ሥራ ነው። ስትጨርሺ ሌላ ቀን..."

"አልጨረስኩም" አለችና ዘጋችው። ያን አዳራሽ ሙሉ ሰው ሆኖ አየችው፤ ጭብጨባውን፣ ስሟ ሲጠራ። ስትመኘው የኖረችው ነገር ነው። ግን ወደ ኋላ አልጎተታትም።

አጠገቧ እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ የሚባሉ መነኩሴ ተራቸውን እየጠበቁ ነበር። ስማቸውን የነገሯት ሳትጠይቃቸው ነው። ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

"ወገብ ነው ወይስ ጉልበት?"

"ምኔንም አላመመኝም፣ እማሆይ።"

"ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ሰው እየጠበቅኩ ነው።"

"እንግዲያማ የሚያምሽ ነገር አለ" አሉና ጋቢያቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁላት።

ሰባት ሰዓት ላይ ረዳቱ ከመንገዱ ዳር ተጣራ። ባሕር ዳር፣ ባሕር ዳር፣ አንድ ሰው የቀረው፣ የሞላ። ሊድያ ጫማዋን አየች። ረዳቱ ወደ እሷ እጁን አወዛወዘ፤ ከተሜ መሆኗን ከልብሷ አውቋል። ራሷን ነቀነቀች። መኪናው ትንሽ ቆየላት፣ ከዚያ አቧራውን አንሥቶ ሄደ።

ሽልማቱም መኪናውም ሄደዋል፤ የቀራት ይህ ድንጋይ ብቻ ነበር። ከዚህ በኋላ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ንድፍ የለም። ሊወርድ ይችላል፤ እስኪመሽ ሠርቶ በሌላኛው በኩል ሊሄድም ይችላል፤ መብቱ ነው። ብቸኝነቱ ያው የዓመቱ ብቸኝነት ነበር፣ አልቀለለም፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከእሱ አልሸሸችም። ተቀመጠችበት። ጥላው ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው አለፈ። እማሆይ ታጥበው ወጡ፣ ደህና ሁኚ ብለዋት ሄዱ።

በመሀል የመዶሻው ድምፅ ቆመ።

ሚስማር አልቆበት ይሁን ሌላ፣ ሊድያ አላወቀችም። ቀና ብላ አላየችም። ይፍጠንም ይዘግይም፣ ጊዜው የእሱ ነው አለች፤ እጆቿንም ጭኗ ላይ አኑራ ጠበቀች።